ሐሙስ፣ ውሃና አንቀጽ ስድስት

ፖለቲካ ምን እንደሆነ አውቃለሁ ብዬ አስብ ነበር። ሃያ ዓመት ያህል ዜና ጽፌያለሁ። መግለጫ ሲሰጥ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ፤ ሰው ስብሰባ ረግጦ ሲወጣ በር ላይ ጠብቄ «ለምን ወጡ?» ብያለሁ። አንድ ጊዜ ቃለ መጠይቅ የማደርግላቸው ሰውዬ መቅረጸ ድምፄን ነጥቀው በመስኮት ሲወረውሩት፣ የወረወሩበትን ሰዓት መዝግቤ ጥያቄዬን በእርሳስ ቀጠልኩ። ቶሎ የምደነግጥ ሰው አይደለሁም ለማለት ነው። ይህን ሁሉ ችዬ ስኖር እጅ ያሰጠኝ ግን አርባ ስድስት አባላት ያሉት የአንድ ሕንጻ የስልክ ግሩፕ ነው።

የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከዚያ በላይ ጣሪያ ብቻ አለ። ውሃችን በፈረቃ ነው፤ ቀናችን ሐሙስ ነው። ሐሙስ ሲባል ግን ጠዋት ይሁን ቀትር፣ ከቀትር በኋላ ይሁን፣ የሚያውቀው ውሃው ራሱ ነው። ጉልበቱም ደካማ ነው። ደረጃ መውጣት እንደሚታክተው እንግዳ፣ ታች የተከፈተ ቧንቧ ካገኘ እዚያው ተቀምጦ ይቀራል። ወደ ላይ እንዲወጣልን ታች ያሉት መዝጋት አለባቸው።

ይህንን ሥርዓት የሚያስከብሩት እትዬ ዘይነባ ናቸው። እትዬ ዘይነባ ከወሎ መጥተው አብነት ሰፈር ግማሽ ዕድሜያቸውን የኖሩ፣ ባለቤታቸው አርፈው ልጆቻቸው አግብተው ከወጡ በኋላ ምድር ቤት ብቻቸውን የሚኖሩ እናት ናቸው። ሐሙስ ቧንቧቸው ሲያስል ይሰማሉ። ሁለት ጀሪካን ይሞላሉ፤ ይዘጋሉ፤ ሁለቱን የምድር ቤት ጎረቤቶቻቸውን በር አንኳኩተው ያዘጋሉ፤ ከዚያ ለግሩፑ ድምፅ ይልካሉ።

«አሰላሙ አለይኩም፤ እንደምን አደራችሁ የጎረቤት ልጆች። ውሃው መጥቷል። ታች ዝጉ። አራተኛ ቅዱ፤ ግማሽ ሰዓት ነው። ቀጥሎ ሦስተኛ።»

ማንም አልመረጣቸውም፤ ማንም አልሾማቸውም፤ የተቃወማቸውም የለም። ፊደል አልቆጠሩም። ስልካቸው ላይ የሚያውቁት አንድ ነገር ነው፦ ልጃቸው ያሳያቸውን የግሩፑን ምልክት ነክቶ፣ የድምፁን ምልክት ተጭኖ መናገር። ችግሩ ድምፃቸው ሁልጊዜ ሦስት ደቂቃ መሆኑ ነው። ውሃው ሃያ ሴኮንድ ይወስዳል። የቀረው ሁለት ደቂቃ ከአርባ ሴኮንድ ስለ ቀረው ዓለም ነው።

እንዲህ ሆነን ደህና ስንኖር፣ አንድ ረቡዕ አቶ ግርማ አንድ ዜና ግሩፑ ላይ ለጠፉ። አቶ ግርማ ከመዝገብ ቤት ሥራ በጡረታ የወጡ፣ ማንኛውም ነገር ቁጥርና ማኅተም ቢኖረው የሚወዱ፣ የሕንጻችን ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው። ዜናው ምን እንደነበር አልናገርም፤ ከተናገርኩ ይኼ ጽሑፍ ራሱ ወደዚያው ይሄዳል። ሁለተኛ ፎቅ የሚኖረውና ተክለ ሃይማኖት አካባቢ የስልክ ሽፋን የሚሸጠው ሳሚ «አይ አቶ ግርማ፣ ይሄንን እርስዎም አያምኑትም» ብሎ መለሰ።

እስከ ማግሥቱ ቀትር ሦስት መቶ አሥራ ሁለት መልእክት ተጻፈ። ቆጥሬዋለሁ። በአንድ ግድግዳ የሚለያዩ ሰዎች ደረጃ ላይ ሲገናኙ ወደ ግድግዳው ዞረው ማለፍ ጀመሩ። ከሁሉም የከፋው ግን ማግሥቱ ሐሙስ መሆኑ ነበር። የእትዬ ዘይነባ «ውሃው መጥቷል» በሁለት ስድቦች መሃል ገብቶ ማንም ሳያዳምጠው አለፈ። ላይ ያለነው ሳንቀዳ ውሃው ሄደ። ያንን ሳምንት ፊቴን የታጠብኩት በታሸገ ውሃ ነው። የሥራ ባልደረቦቼ ቆዳሽ አምሮበታል አሉኝ።

ቅዳሜ ግቢው ውስጥ ስብሰባ ተጠራ። «ፖለቲካ ይከልከል» የሚለው ሐሳብ በአራት ደቂቃ ውስጥ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ጥያቄው የሚያስከብረው ማን ይሁን የሚለው ነበር።

«ጋዜጠኛዋ ትሁን» አሉ አቶ ግርማ። «አሥር ዓመት ጎረቤቴ ናት። ምን እንደምታስብ እስከ ዛሬ አላውቅም።»

«እኔም አላውቅም» አለ ሳሚ። «ትሁን።»

ሁለቱ ከክልከላው ቀጥሎ የተስማሙበት ነገር እኔ ነበርኩ። ለእኔ ዓይነት ሰው ከዚህ የበለጠ ምስጋና የለም። አድሚንነቱን ተቀበልኩ። እውነቱን ለመናገር ግን ለውሃው ብዬ ብቻ አልነበረም። ፖለቲካ የሚባለው ነገር በትክክል የት ላይ እንደሚጀምር ማወቅ ፈልጌ ነው። ሃያ ዓመት መሃሉን ስዘግብ ኖሬ ድንበሩን አንድም ቀን ሄጄ አይቼው አላውቅም ነበር።

የመጀመሪያው ሕግ አንድ መስመር ነበር፦ «በዚህ ግሩፕ ፖለቲካ ማውራት ክልክል ነው።» ዕድሜው ግማሽ ቀን ሆነ።

«ሽንኩርት ዛሬ ስንት ገባ?» ብለው ጻፉ አቶ ግርማ።

«አድሚን፣ ይሄ ፖለቲካ ነው» አለ ሳሚ።

«ሽንኩርት ነው።»

«ሽንኩርት ስንት ገባ ሲሉ ምን ለማለት እንደፈለጉ እናውቃለን፣ አቶ ግርማ።»

«ወጥ ልሠራ ፈልጌ ነው።»

«እርስዎ መቼ ወጥ ሠርተው ያውቃሉ?»

ጉዳዩን ለአንድ ሰዓት አጠናሁት። ከዚያም ወሰንኩ፦ ዋጋ መጠየቅ ይፈቀዳል፤ ለምን ጨመረ ብሎ መጠየቅ አይፈቀድም። በውሳኔዬ ኮራሁ። በማግሥቱ አንዲት ጎረቤት «ሽንኩርት ቀንሷል፣ ተመስገን» ብላ ጻፈች። ሳሚ ወዲያው «ማን ነው የሚመሰገነው?» አለ። ከዚያ በኋላ ዋጋ ሲጨምር ማማረር፣ ሲቀንስ ማመስገን አንድ ላይ ተከለከለ። ዋጋ ባለበት ሲቆም ብቻ መናገር ይቻል ነበር። ያ ደግሞ እስካሁን አልገጠመንም።

ቀጥሎ የመጣው የሳቅ ምልክት ነው። ኮሚቴው «የግቢው መግቢያ መንገድ በቅርቡ ይጠገናል ተብሏል» ብሎ ሲጽፍ ሳሚ ከሥሩ አንድ የሚስቅ ፊት አደረገ። አቶ ግርማ እርምጃ ይወሰድልኝ አሉ። እኔ ሳላጣራ አልወስንም፤ ሁለተኛ ፎቅ ወርጄ አንኳኳሁ።

«ሳሚ፣ በምኑ ነው የሳቅከው?»

«በመንገዱ።»

«በመንገዱ ነው ወይስ ይጠገናል በመባሉ?»

«ኧረ ጋዜጠኛዋ! አራዳ አይደለሽ እንዴ? ሳቅ ምንጭ ይጠየቃል?»

«ይጠየቃል።»

«እንግዲያው 'በቅርቡ' በምትለዋ ነው።»

'በቅርቡ' የጊዜ ተውሳከ ግስ እንጂ የፖለቲካ ድርጅት አይደለችም። በነጻ አሰናበትኩት። አቶ ግርማ ግን ለሁለት ቀን ሰላምታዬን ሳይመልሱ ቀሩ።

ድንበሩ እየራቀኝ ሲሄድ እንደ ልማዴ ወደ ሰው ሄድኩ። ማስታወሻዬን ይዤ ከፎቅ ፎቅ እየወጣሁ «ፖለቲካ ማለት ለእርስዎ ምንድን ነው?» እያልኩ ጠየቅኩ። አቶ ግርማ «ሌላ ሰው ሲናገረው ደሜን ከፍ የሚያደርገው ነገር ሁሉ» አሉ። ሳሚ «አቶ ግርማ የሚያወሩት» አለ። ሂሩት «ባሌ ከቴሌቪዥኑ ጋር የሚያወራው» አለችኝ። እትዬ ዘይነባ ጥያቄውን አስደገሙኝ።

«ስሙን አላውቀውም ልጄ። ውሃ ሲቆም ነው የሚጀምረው።»

ይህንን ጻፍኩት፤ ከሥሩም አሰመርኩበት። ከዚያ በኋላ ቤቴ ገብቼ ምንም እንዳልሰማ ሰው አሥራ አራት አንቀጽ ያለው የግሩፕ መተዳደሪያ ደንብ አረቀቅሁ። አንቀጽ ስድስት እንዲህ ይላል፦ «የሕዝብ አገልግሎትን፣ መንገድን፣ መብራትን፣ እንዲሁም ያለፈም ሆነ ያለ ሥርዓትን የሚመለከት ማናቸውም አስተያየት ክልክል ነው።» አንቀጽ ዘጠኝ ሦስት ማስጠንቀቂያ የደረሰው እንደሚባረር ይናገራል። አንቀጽ አሥር ደግሞ በዕድሜ፣ በዝምድናም ሆነ በጉርብትና ለማንም ልዩነት አይደረግም ይላል። አቶ ግርማ ሲያነቡት ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ማኅተም ብቻ ነው የጎደለው» አሉ።

ሂሩት በር ለበር ጎረቤቴ ናት። በዚያው ሰሞን ሴት ልጅ ወልዳ አራስ ነበረች። ባለቤቷ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ መንገድ ላይ ነው። ደንቡን በለጠፍኩ በሳምንቱ ልጇን አቅፋ መጣች።

«ልጄ እሑድ ሰማንያ ቀኗ ነው። ክርስትና አነሳታለሁ። ከቡታጅራ የእናቴ ዘመዶች በሙሉ እየመጡ ነው» አለችኝ። «ሁለት በርሜል ተውሻለሁ። ሐሙስ እነሱን ካልሞላሁ እንግዳ እጅ የማስታጥብበት እንኳ የለኝም። በዚህ አራስ ገላ ከታች ጀሪካን ተሸክሜ አልወጣም። የእትዬ ዘይነባ ድምፅ እንዳያመልጠኝ ብቻ፣ አደራ፣ ያ ግሩፕ ጸጥ ይበል።»

«ጸጥ ይላል» አልኳት። ቃሌን ሰጥቼ አጥፌ አላውቅም። ያንንም አላጠፍኩም።

አሁን ወደ ሦስቱ ማስጠንቀቂያዎች ልምጣ። የመጀመሪያውን እትዬ ዘይነባ ያገኙት ደንቡ በወጣ በሁለተኛው ቀን ነው። ድምፃቸው በሁለተኛው ደቂቃ ላይ «ያ የተቆፈረው መንገድ እንደ ተቆፈረ ቀረ» ይላል። እኚህን የመሰሉ እናት በጽሑፍ ማስጠንቀቅ ነውር ነው፤ ደግሞም አያነቡትም። ወረድኩ። ወንበር ሰጡኝ፤ ቴምር አቀረቡልኝ።

«እትዬ፣ ትናንት የላኩት ድምፅ… መጨረሻው ላይ ትንሽ…»

«ምን አልኩ?»

«መንገዱ እንደ ተቆፈረ ቀረ ብለዋል።»

«አልቀረም እንዴ?»

«ቀርቷል።»

«ታዲያ ዋሸሁ?»

«አልዋሹም።»

«ያረቢ! እና ጥፋቴ ምንድን ነው ልጄ?»

«እውነት አለመሆኑ አይደለም እትዬ። አንቀጽ ስድስት ውስጥ ይወድቃል።»

«መውደቅስ ትናንት እኔ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ልወድቅ ነበር» አሉኝ። ማስጠንቀቂያ አንድ ብዬ መዘገብኩ። ለሃያ ዓመት ሰዎችን «እውነት ነው ወይ?» እያልኩ ስጠይቅ ኖሬ፣ ያን ቀን እውነት መሆኑ አይጠቅምም ብዬ መናገሬን ያስተዋልኩት ደረጃውን ከወጣሁ በኋላ ነው። አስተዋልኩ፤ ግን ደንብ ደንብ ነው።

ሁለተኛው በዱዓ መጣ። «አላህ ለአገራችን ሰላም ይስጥ፤ ለትልልቆቹም ልቦና ይስጥ» ብለው ድምፃቸውን ዘጉ። አቶ ግርማ ደወሉልኝ።

«ልቦና ይስጥ ማለት የላቸውም ማለት ነው።»

«ጸሎት ነው፣ አቶ ግርማ።»

«ጸሎቱን አልነካሁም። ጸሎቱ ውስጥ ያለውን መረጃ ነው ያልኩት።»

እዚህ ላይ ሁለት ቀን አሰብኩ። ሳሚ በዚያው ሳምንት በቀልድ ቢጤ ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ ደርሶት ስለነበር «ለእኔ ሲሆን ይቆጠራል፣ ለትልቅ ሰው ሲሆን ይታለፋል?» ብሎ ጠየቀኝ። አንቀጽ አሥርን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ማስጠንቀቂያ ሁለት።

ሦስተኛው የክርስትናው ሳምንት ረቡዕ ከምሳ በኋላ መጣ። ነገ ሐሙስ ስለሆነ በርሜላችሁን እጠቡ፣ የአራሷንም አትርሱ ብለው ጀመሩ። ለዚህ ሃያ ሴኮንድ በቃቸው። ከዚያ እንዲህ አሉ፦ «እኔ በሦስት መንግሥት ውሃ ቀድቻለሁ። በመጀመሪያው በእንስራ፣ በሁለተኛው በቆርቆሮ፣ በሦስተኛው በጀሪካን። ዕቃው ነው የተለወጠው። ወረፋው ያው ነው።»

ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ሰማሁት። እንደ ጋዜጠኛ ልናገር ካላችሁኝ፣ በዚያ ዓመት ከሰማኋቸው ዐረፍተ ነገሮች ሁሉ የሚበልጥ ነበር። እንደ አድሚን ደግሞ አንቀጽ ስድስትን ከጫፍ እስከ ጫፍ የጣሰ ነበር፤ ያለፈውንም ያለውንም ሥርዓት፣ አገልግሎቱንም። አቶ ግርማ «አንቀጽ ዘጠኝ» ብለው ብቻ ጻፉ። ሳሚ ምንም አልጻፈም፤ ግን ምን እንደማደርግ እየጠበቀ እንደሆነ አውቃለሁ። ጣቴን ስማቸው ላይ አደረግኩ። ስልኩ «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ በወንድ ጾታ ጠየቀኝ። ነኝ አልኩት። መልእክቱንም አጠፋሁ። ሄጄ ልነግራቸው ነበር፤ ከቢሮ ተደወለልኝና ነገ እነግራቸዋለሁ ብዬ ወጣሁ።

ሐሙስ ጠዋት አንድ ዐውደ ጥናት እየዘገብኩ በየሰዓቱ ስልኬን አየሁ። ግሩፑ ጸጥ ብሏል። ስድብ የለም፤ ሽንኩርት የለም፤ የሚስቅ ፊት የለም። ከተማ ውስጥ እንደዚያ የሠለጠነ አርባ አምስት ሰው አንድ ቦታ ያለ አይመስለኝም። ደስ አለኝ። የቡና ዕረፍት ላይ ለባልደረባዬ አሳየኋት። «ምንም የለም እኮ» አለችኝ። «እሱ ነው እኮ!» አልኳት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሂሩት ደወለች።

«እህቴ፣ ዛሬ ሐሙስ አይደለም እንዴ?»

«ነው።»

«ከጠዋት ጀምሮ ስልኩን አቅፌ ተቀምጫለሁ። ልጄን እንኳ እንዲህ አላቀፍኳትም። ቧንቧውን ከፍቼዋለሁ፤ ነፋስ ብቻ ነው የሚተነፍሰው። እትዬ ዘይነባ አሟቸው ይሆን? ድምፃቸው የለም።»

 ከሰው ሁሉ በፊት ውሃው መምጣቱን የሚያውቅ አንድ ሰው ነው ያለው፤ እሱን ደግሞ በገዛ ጣቴ አስወጥቼዋለሁ። ቀላል ነገር ነው። ይህችን ግን በአሥራ አራት አንቀጽ ውስጥ አንድ ቦታም አላሰብኳትም።

ታክሲ ይዤ መጣሁ። የእትዬ ዘይነባን በር አንኳኳሁ። «ቀስ ብለሽ ግቢ፤ እግርሽን አንሺ» አሉኝ ከውስጥ።

እግር የሚያርፍበት ቦታ አልነበረም። ሳሎኑ በሙሉ ውሃ ነው። ጀሪካኑ፣ ባልዲው፣ ሦስት ሳፋ፣ የድግስ ድስት፣ ማንቆርቆሪያ፣ ፔርሙዝ፣ የልጅ ልጃቸው የአሸዋ መጫወቻ፣ ሁሉም እስከ አፉ ሞልቷል። ጠረጴዛው ላይ አሥራ ሁለት የሻይ ብርጭቆዎች በውሃ ተሞልተው በሁለት ረድፍ ቆመዋል። እሳቸው መሃል ላይ፣ ደሴት ላይ እንዳለ ሰው፣ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።

«በአራት ሰዓት መጣ» አሉኝ። «ሁለቱን ጀሪካን ሞልቼ ዘጋሁ። ስልኩን ነካሁት፤ ዝም። ደግሜ ነካሁት፤ ምልክቱ ጠፍቷል። ከግቢ ሆኜ ሂሩት! ሂሩት! ብዬ ጮህኩ፤ የእሷ መስኮት በወዲያ ነው። ደረጃ ጀመርኩ፤ ጉልበቴ አንደኛ ፎቅ ላይ እምቢ አለኝ። ሰው ሁሉ ሥራ ሄዷል። ታዲያ የአራሷን ውሃ ቆሜ ልሸኘው? ከፍቼ ያለኝን ሁሉ ሞላሁ። ጎረቤቶቼም ቧንቧቸውን በርሜል ላይ ከፍተው ወጥተዋል፤ ባንኳኳ የሚዘጋልኝ የለም።»

«ለሂሩት ቢደውሉላትስ?»

«የማን ቁጥር አለኝና? ሰዎቼ ሁሉ እዚያ ግሩፕ ውስጥ አይደሉ? ስልኬ ተበላሽቶ ነው መሰለኝ፤ ለሳሚ አሳዪልኝ።»

«አልተበላሸም እትዬ። እኔ ነኝ ያስወጣሁዎት።»

 ከብርጭቆዎቹ አንዷን አነሱና ሰጡኝ። «ጠጪ፤ ፊትሽ ደርቋል» አሉኝ።  በሥራዬ ብዙ ሰው ጮሆብኛል፤ እንደዚያች አንዲት ብርጭቆ ውሃ የከበደኝ ግን የለም።

ለግሩፑ የመጀመሪያዬን ያልተጣራ መልእክት ጻፍኩ፦ «ውሃው ምድር ቤት ነው። በርሜሎቹ አራተኛ ፎቅ ናቸው። ጥፋቱ የእኔ ነው። ከሥራ ስትመለሱ ወደ ቤት አትግቡ፤ ደረጃው ላይ ቁሙ።»

አሥራ አንድ ተኩል ላይ፣ ፀሐይ ገና ደረጃው ላይ እያለች፣ ሃያ ምናምን ሰው ከእትዬ ዘይነባ በራፍ እስከ ሂሩት በር ተደረደረ። አቶ ግርማ ከበታቼ፣ ሳሚ ከበላዬ፣ እኔ መሃል። ሳፋው ከእጅ ወደ እጅ ይወጣል፤ ባዶው ይወርዳል። ሦስተኛው ሳፋ ላይ አቶ ግርማ «መንገዱ ባይቆፈር ኖሮ በቦቴ እናስመጣ ነበር» አሉ።

«ተጠገነ ብለው አልነበር እንዴ?» አለ ሳሚ።

«ይጠገናል ነው ያልኩት!»

ከዚያ ወዲያ የሚያቆም አልነበረም። ሦስት መቶ አሥራ ሁለቱ መልእክት ከነተረፈው በአፍ መጣ። እኔ ግን አንድ ነገር ገርሞኝ ማስታወሻዬን ማውጣት አማረኝ፤ እጄ ተይዟል። ሰው በሁለት እጁ ሳፋ ይዞ ሲከራከር ጣቱን መቀሰር አይችልም። መልስ ለመስጠት መጀመሪያ የያዘውን ማቀበል አለበት፤ የሚያቀብለው ደግሞ ለዚያው ለሚሟገተው ሰው ነው። «እርስዎ እኮ ሁልጊዜ… ያዝኩት፣ ይልቀቁት… ሁልጊዜ እንደዚህ ነዎት!» ይላል ሳሚ፣ በእኔ አናት ላይ እጁን ዘርግቶ እየተቀበለ። «ቀስ፣ እንዳይፈስ… አንተ ነህ እንጂ!» ይላሉ አቶ ግርማ። ማንም ፊቱን ወደ ግድግዳ አላዞረም። ፊቱን ቢያዞር ሳፋውን የሚያቀብለው ሰው ይጠፋዋል።

«አቶ ግርማ፣ እትዬ ዘይነባን አሁኑኑ ልመልሳቸው ነው» አልኩ።

«አንቀጽ አሥራ ሦስት!» አሉ፤ ማንቆርቆሪያ አቅፈው። «የተባረረ አባል የሚመለሰው አባላት እጅ አውጥተው በድምፅ ብልጫ ሲወስኑ ነው። ራስሽ ነሽ የጻፍሽው።»

«እሺ። ይመለሱ የምትሉ እጅ አውጡ!»

ከምድር እስከ አራተኛ ፎቅ አንድ እጅ አልወጣም።

«ይኼ ድስት ከእጄ ከወጣ፣ ጀለሴ፣ ክርስትና የሚነሳው ደረጃው ነው» አለ ሳሚ።

«አይመለሱ የምትሉስ?» አልኩ፤ ሥርዓቱ ስለሚጠይቅ።

ከታች አንድ እጅ ወጣ። ዕቃቸውን ሁሉ አስረክበው ባዶ እጃቸውን በራፋቸው ላይ የቆሙት እትዬ ዘይነባ ነበሩ።

«እኔ እቃወማለሁ!» አሉ። «እዚያ ስልክ ውስጥ ይኼን ያህል ጊዜ ሳወራ አንድ ሰው መልሶልኝ ያውቃል? የአውራ ጣት ሥዕል ነው የምትልኩልኝ። ጣት! ዛሬ ግን ይኼው፣ ስናገር የሚመልስ አፍ አየሁ።»

«እትዬ ዘይነባ» አሉ አቶ ግርማ፤ ድምፃቸው ቀጥኖ። «ታዲያ ሐሙስ ውሃው ሲመጣ ማን ይነግረናል?»

«እግር የላችሁም? ከየፎቁ አንድ አንድ ሰው ይውረድ። በራፌ ላይ አግዳሚ አለ፤ ቁጭ ብላችሁ ጠብቁ። ውሃው እስኪመጣ የምናወራውን እኔ አላጣም።»

ድጋፍ ዜሮ፣ ተቃውሞ አንድ። በሥራ ዘመኔ ካየኋቸው ድምፅ አሰጣጦች ውጤቱን ማንም ያልተጠራጠረው ይኼ ብቻ ነው። ጮክ ብዬ አነበብኩት። አቶ ግርማ ራሳቸውን ነቀነቁና ማንቆርቆሪያውን አቀበሉኝ።

«ጋዜጠኛዋ» አለ ሳሚ ከላይ፣ ድስቱን አሳልፎ እጁን እያራገፈ። «ሁላችንም ተናገርን። አንቺስ? ስለዚህ ነገር ምን ታስቢያለሽ?»

 አቶ ግርማ አንገታቸውን አቀኑ። እትዬ ዘይነባ ከታች ነጠላቸውን ከጆሯቸው ላይ ገለጥ አደረጉ። አፌን ከፈትኩ።

በዚህ መሃል ሂሩት ልጇን በአንድ ክንዷ ይዛ በደረጃው አናት ብቅ አለች። «ሞላ! ሁለቱም ሞላ! እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ በቃ፣ ወደየቤታችሁ ግቡ!» ብላ ጮኸች።

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ባዶ ዕቃቸውን እንደያዙ ሁሉም እኔን ያያሉ።